በጎ ፈቃደኝነታችን ለምን ከበዓል አያልፍም? ከቁስቋም ግርጌ የቀረበ ጥያቄ

የቁስቋም ጎረቤት (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክር የከፈትሁት ምክር ፈልጌ ነው፤ ነገሩ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ጎንደር ከተማ፣ ከቁስቋም ደብር ግርጌ የምንኖር አሥራ አራት ጎረቤታሞች ባለፈው መስቀል ማግስት ተሰባስበን፣ በየወሩ መቶ መቶ ብር እያዋጣን፣ ቅዳሜ ከሰዓትን ደግሞ ለጉልበት ሥራ እየሰጠን፣ በሰፈራችን ያሉትን ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች ለመርዳት ተስማማን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሠርግ ይመስሉ ነበር። ለገና ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ገዝተን ለአርባ ያህል ሰዎች አደልን። ከጥምቀት በኋላ ግን መሰባሰቡ እየሳሳ ሄደና ዐቢይ ጾም ሲገባ አራት ብቻ ሆነን ተገኘን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ሁልጊዜ እሰማለሁ፤ እኛ ዘንድ ዐሥሩ ጌጡን ይዘው ሄዱ፣ አራታችን ከሸክሙ ጋር ቀረን።

ከሁሉ ይልቅ ከኅሊናዬ ያልወጣው ግን የሰው መጉደል አይደለም። በዕደላው ዕለት ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ሲጀምር፣ በልጅነቴ በማርያም ዝክር ከቤታቸው ጠግቤ የወጣሁባቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። ቀረጻው እስኪያበቃ ዘይቱን ታቅፈው ቆሙ፤ ከዚያ ዘይቱን ከጎናቸው ለቆመችው ሴት ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ወጡ። ማታ ሌላ ዘይት ይዤ ሄድሁ። እማማ አልተቆጡኝም፤ ቡና አፈሉልኝ፤ ስወጣ ግን በእጃቸው ወደ ላይ እያሳዩ «ልጄ፣ እኔን የቸገረኝ ዘይት መች ሆነና፤ ጣሪያው ነው እንጂ» አሉኝ። ቀና ብዬ ስመለከት በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ሰማይ ይታያል፤ አልጋቸው ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከግድግዳው ተነጥሎ ወደ ምድጃው ተጠግቶ ይኖራል። ሦስት ወር ሙሉ በደጃቸው ስንመላለስ አንድም ቀን «ምን ጎደለዎ?» ብለን አልጠየቅናቸውም።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራው እንዳይቋረጥ ምን ዓይነት ሥርዓት ያስፈልገዋል? የሚረዳውን ሰው ሳያሳፍሩ ለለጋሾች ማስረጃ ማቅረብስ እንዴት ይቻላል? የቆሎ ተማሪዎቹን በሚመለከት ደግሞ እርስ በርሳችን አልተስማማንም፤ ገሚሶቻችን ምግብ እናብስልላቸው እንላለን፣ ገሚሶቻችን ልብስ ይሻላል እንላለን።

የእድር ጸሐፊ ከአራዳ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በሰፈሬ እድር ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁና ከዚያው ከማውቀው ልንገርህ።

ሰው እድርን የደግነት ማኅበር አድርጎ ያስበዋል። እድር ግን የሚኖረው በደግነት አይደለም፣ በስም ጥሪና በቅጣት ነው። ሌሊት ጡሩምባ ተነፍቶ ድንኳን ለመትከል የሚወጣው ሰው ሁሉ ሟቹን ስለሚወደው አይወጣም፤ ስሙ በደብተር ስለተጻፈ፣ ቢቀር የሚከፍለው መቀጮ ስላለና ነገ የእሱም ተራ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ይወጣል። ሰው ልቡ በሞቀ ጊዜ ብዙ ቃል ይገባል፤ ልቡ ሲቀዘቅዝ የሚያቆመው ደብተሩ ነው። እናንተ በሙቀቱ ጊዜ ደብተር አልከፈታችሁም።

እንግዲህ የሚከተለውን አስቡበት። አርባ ሰው መርዳቱን ተዉትና ሦስት ቤት ብቻ ምረጡ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ተጠሪዎች ይመደቡ፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢሄድ ሌላው ይኖራል። ተጠሪው በሳምንት አንድ ቀን ይሄዳል፤ የሚሰጠው ነገር ባይኖረውም ይሄዳል፣ ተቀምጦም ይጫወታል። ለሚሰጥ ሰው ባዶ እጅን መሄድ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ነገር ግን አረጋዊው ምን እንደጎደለው የሚነግርህ ባዶ እጅህን በሄድህበት ቀን ነው። የቀረ ሰው ይቀጣ፤ መቀጮው ትንሽ ይሁን፣ ነገር ግን ሳይዘለል ይከፈል። ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ የሚወጣ ይሁን፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በጉባኤ ይነበብ። ያልተነበበ ሒሳብ ንጹሕ ቢሆን እንኳ መታማቱ አይቀርም።

ፎቶውን በተመለከተ «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለጋሽ ማስረጃ መጠየቁ ግን ኃጢአት አይደለም። ጣሪያውን ከመጠገኑ በፊትና በኋላ፣ የተገዛውን ቆርቆሮ፣ ደረሰኙን አንሱ። የሰው ፊት ማስረጃ አይደለም።

ጥርጣሬ የማያጣው

ክቡር ጸሐፊ የተናገሩት መልካም ነው፤ እኔ ግን ከሥሩ የምጠይቀው ነገር አለኝ። በፒያሳና በጃንተከል ዋርካ አካባቢ ለዓመታት የማያቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሠርተው መኖር የሚችሉ ናቸው። በበዓል ሰሞን ከሦስት ማኅበር የሚቀበል ሰው እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያው አጠገብ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ምንም ሳይደርሰው ይቀራል። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ የዕርዳታ ዱቄት ሳከፋፍል የተቀባዮች ዝርዝር ከአንድ መሥሪያ ቤት ተሰጠን፤ ከተጻፉት ስሞች ውስጥ ሁለቱ ከሞቱ ቆይተዋል፣ አንዱ ደግሞ ባለ ሱቅ ነው። ብናመለክትም መልስ የሰጠን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እጄን ሰብስቤያለሁ።

በተለይ የቆሎ ተማሪውን ነገር አስቡበት። ተማሪው ቀፍፎ መብላቱ ከትምህርቱ የማይነጠል የትሕትና ሥርዓት ነው። ምግብ አብስላችሁ በደጁ ብታቀርቡለት ከትምህርቱ አንዱን ክፍል አጎደላችሁበት ማለት አይደለምን?

የአዲስ ዓለሟ

አሰላሙ አለይኩም፣ የክሩ ታዳሚዎች። እኔ የምኖረው አዲስ ዓለም ነው፤ ለወንድማችን ጥርጣሬ ከእኛ በኩል ያለውን ልምድ ልንገራችሁ።

ከረመዳን ጾም ፍቺ በፊት ዘካተል ፊጥር እናወጣለን። በቤተሰቡ ነፍስ ወከፍ አንድ ቁና የሚሆን እህል ተሰፍሮ፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለችግረኛው መድረስ አለበት፤ ከሶላት በኋላ ቢሰጥ እንደ ተራ ሰደቃ ይቆጠራል። የሰዓቱ ጥብቅነት ምክንያት አለው፤ ችግረኛው የበዓሉን ቀን በልመና እንዳያሳልፍ ነው። እኛ እህሉን ይዘን የምንሄደው ሴቶች ነን፤ በጓሮ በር ገብተን፣ እንደ ጎረቤት ስጦታ አስቀምጠን፣ ስለ እህሉ ሳናነሣ ስለ ልጆች ጤና ተጨዋውተን እንወጣለን። የማን ቤት ምጣድ እንዳልተጣደ ከቀበሌ ዝርዝር ይልቅ ውኃ ስንቀዳና ቡና ስንጠጣ እናውቀዋለን። ወንድማችን የሞተ ሰው ስም ያገኙት ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው በዚያ ሰፈር ቡና ስለማይጠጣ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከጎናችን የሚኖሩ አንዲት ክርስቲያን እናት ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የጤና መድን መታወቂያቸው ሳይታደስ ዓመቱ አለፈ። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ውስጥ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮው በመንግሥት እንደሚሸፈን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ልጄ ሁለት ቀን ተመላልሳ አስመዘገበቻቸው። ይህ ሥራ አንድ ብር አልጠየቀም፤ የጠየቀው ማንበብ የሚችል ሰውና ሁለት ጠዋት ብቻ ነው። ገንዘብ የለንም ለምትሉ ወጣቶች ይህን አስቡበት እላለሁ።

ነርሷ ከማራኪ

በጤና ሙያ ውስጥ ስላለሁ ስለ ተማሪዎቹ ጎጆ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ምግብ ወይስ ልብስ ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ገላቸውን እዩ።

በጠባብ ጎጆ አምስት ስድስት ሆነው በአንድ መደብ የሚተኙ ልጆች ዘንድ ሁለት ነገሮች አይጠፉም፤ እከክና ቅማል። እከክን ስንፍና ወይም ቆሻሻ ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። እከክ ግን በቆዳ ውስጥ ጎርጉራ በምትገባ ጥቃቅን ተባይ የሚመጣ፣ ከገላ ወደ ገላ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር ተያይዞ በክልላችን በወረርሽኝ መልክ ተስፋፍቶ ብዙ ሕዝብ ማስቸገሩን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ስድስት ልጆች በሚኖሩበት ጎጆ የሚያክከውን አንዱን ብቻ ማከም ገንዘብ መጣል ነው፤ በሳምንቱ ከጓደኛው መልሶ ያገኘዋል። ሁሉም፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው፤ ቅባቱ ከአንገት እስከ እግር ጣት ተቀብቶ ማደር አለበት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜም ይደገማል። ልብሱና የሚለበሰው ሁሉ በዚያው ዕለት በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ መታጠብ የማይችለው እንደ ደበሎ ያለው ደግሞ በላስቲክ ታስሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ከገላ ይራቅ።

ቅማሉ ከዚህ የባሰ ነገር ይዞ ይመጣል። ተስቦና እያገረሸ የሚመለሰው ትኩሳት ሁለቱም በልብስ ቅማል ይተላለፋሉ፤ ሁለተኛው በተለይ ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ በተጫረ ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ቅማል በጥፍር አትግደሉ፣ ልብሱን ቀቅሉ። ብርቱ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ተማሪ ካያችሁም በበጎ ፈቃድ ስም ኪኒን ገዝታችሁ እንዳትሰጡት እለምናችኋለሁ። ለሚያገረሸው ትኩሳት መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ታማሚው በጤና ተቋም ውስጥ በዓይን ክትትል ሥር መሆን አለበት። ቸርነት ሰው የሚገድልበት መንገድ ካለ ይህ አንዱ ነው።

ይህች ከተማ ለዚህ ዓይነት ሥራ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ በረገፈ ማግስት ነበር፤ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ሕዝቡ የመላክ ልማድም ከዚያ ጀምሮ የመጣ ነው። ተማሪዎቹን ልታክሙ ስታስቡ ለብቻችሁ አትሁኑ፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ይኑር።

የቀድሞ ተማሪ፣ ዛሬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ስለ እኛ ስትነጋገሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ አሁን ለመጻፍ ተገደድሁ። ቅኔ ጎጃም ተምሬ፣ ለአቋቋም ዜማ ወደ ጎንደር በአታ ደብር መጥቼ፣ ስድስት ዓመት በጎጆ ኖሬያለሁ። አኩፋዳዬን ተሸክሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያልሁባቸውን ደጆች ዛሬም በዓይኔ አውቃቸዋለሁ።

ለጥርጣሬ ባለቤቱ ወንድሜ፣ ግማሹን በትክክል ተናግረሃል። ቀፈፋ ሥርዓት ነው፤ ምግብ አብስሎ ሰልፍ ማስያዝ አያስፈልግም። የሰፈሩ ሰው ኩርማን እንጀራውን ማውጣቱን እንዳይተው ብቻ አድርጉ። የቀረው ግማሽ ግን ስሕተት ነው፤ እከክ፣ ብርድና የውሻ ንክሻ የትምህርቱ ክፍል አይደሉም። እኔ ሁለት ጊዜ ተነክሻለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ቁስሉን በአመድ አሽተው ላኩኝ፤ ባለውሻው ሊያየኝ እንኳ አልወጣም። ለሰፈራችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ትልቁ ነገር ይህ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት ውሻ ይታሰር።

ከዚህ በፊት አንድ የወጣቶች ቡድን መጥቶ የእጅ ባትሪ አደለን። ልባቸው ቅን ነበር፤ ነገር ግን የቃል ትምህርት በሌሊት፣ በጨለማ፣ በቃል ነው የሚጠናው፤ መጽሐፉ ደግሞ የቀን ነው። ባትሪውን ብዙዎቻችን ሸጥን። ሽጠን የገዛነው ሳሙና፣ መርፌና ክር፣ አሮጌ ሸራ ጫማ ነበር። ቢጠይቁን ይህንኑ በነገርናቸው። ልብስም ስትሰጡ ለበዓል የሚሆን ነጭ አይሁን፤ ለመደብ የሚሆን ደረቅ ምንጣፍና ታጥቦ የሚደርቅ ጋቢ ይበልጣል።

ከሁሉ በፊት ግን የኔታን አስፈቅዱ። መምህሩ ሳያውቅ ወደ ጎጆ የሚገባ በጎ አድራጊ ተማሪውን ከመምህሩ ያጣላዋል። የኔታ ከፈቀዱ ተማሪውን ሁሉ በአንድ ቃል ይሰበስቡላችኋል፤ ነርሷ እንዳሉት ሁሉም በአንድ ቀን የሚታከሙበት ሌላ መንገድ የለም።

ነርሷ ከማራኪ

ወንድሜ የአመዱን ነገር ስላነሡ አንድ ቃል ልጨምር። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም። አመድም፣ ቅጠልም አይቀባ።

ከባሕር ማዶ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እኔ የልደታ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እናንተ የምትሠሩትን በገንዘብ ማገዝ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ቀደም ሲል የላክሁት ገንዘብ የት እንደገባ ሳላውቅ ቀርቻለሁ። እንደ ድርጅት ተመዝግባችሁ ብታቀርቡልኝ አይሻልምን?

የእድር ጸሐፊ ከአራዳ

እኅት ወይም ወንድም ዓለም፣ ስጋትዎ የሚገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆኖ የሚመዘገብ አካል ለአስተዳደር የሚያወጣው ወጪ ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ሒሳቡንም ያስመረምራል። እድርና ዕቁብን የመሳሰሉት ባህላዊ ስብስቦች ግን በዚያ አዋጅ አይገዙም። ሦስት ቤት የሚጠብቁ አሥራ አራት ጎረቤታሞች ቢሮ ከፍተው ማኅተም ቢያስቀርጹ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜያቸውን ወረቀት ይበላዋል። የእኔ ምክር፣ በሰፈሩ ባለ እድር ሥር አንድ ክፍል ሆነው ይሥሩ፤ እድሩ ደብተርም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ተቆጣጣሪም አለው። እርስዎም ለአንድ ጣሪያ ይላኩ፤ ጣሪያው ሲያልቅ ደረሰኙንና የቆርቆሮውን ፎቶ ያዩና፣ ካመኑ ለሁለተኛው ይልካሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ መላክ ከሩቅ ያለውን ሰው ያስቆጨዋል፣ ቅርብ ያለውንም ይፈትነዋል።

የአዘዞ ልጅ

እኔ ተማሪ ስለሆንሁ የማዋጣው ብር የለኝም፤ በየሦስት ወሩ ግን ደም እሰጣለሁ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው መስጠት ይችላል። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ከአምስት ሳምንት ገደማ በላይ ስለማይቆይ፣ በበዓል ቀን ብቻ ተሰልፎ መስጠት እንደ ገና ዱቄት ነው፤ ተራ ይዞ መስጠት ይሻላል። ጓደኞቼና እኔ ሁላችንም በአንድ ቀን እንዳንሰጥ ወሮቹን ተከፋፍለናቸዋል።

የቁስቋም ጎረቤት (ከወራት በኋላ)

ለመከራችሁኝ ሁሉ መልስ ሳልሰጥ ሰነፍሁ፤ ይቅርታ። አሁን ሰኔ እያለቀ ነው፣ የሠራነውንና ያበላሸነውን ልንገራችሁ።

የእድሩን ደብተር ተዋስን፤ ሦስት ቤትና ሁለት ጎጆ ብቻ ያዝን። ከአራት ወደ ዘጠኝ ከፍ ብለናል። መቀጮው ሃያ ብር ነው። ብሩ አስፈርቶ አይመስለኝም፤ ስሙ በጉባኤ ሲነበብ መስማት ስለሚያሳፍር ሰው ይመጣል። አንድ ወንድማችን ግን «ለበጎ ሥራ ልቀጣ?» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ፤ እስካሁን አልተመለሰም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው ቀዝቅዟል።

የእማማን ጣሪያ የሠራነው በግንቦት መጨረሻ ነው። ሦስት ቆርቆሮና ባለ ቆብ ምስማር ከባሕር ማዶ በተላከው ብር ተገዛ። ቀዳዳዎቹን ብቻ እንደፍናለን ብለን ወጥተን ነበር፤ ከእኛ ጋር የመጡት አንድ ሽማግሌ አናጢ ግን ጣሪያው ላይ እንደወጡ ሳቁ። ቆርቆሮው ሲመታ የታችኛው በላይኛው ላይ ተደርቦ ኖሯል፤ ዝናቡ ሲወርድ በቀጥታ ወደ መደረቢያው ሥር ይገባል። ቀዳዳ ብንደፍን ዕድሜ ልክ በደፈንን ነበር። ስምንቱን ቆርቆሮ ነቅለን፣ ከታች ጀምረን የላይኛውን በታችኛው ላይ እያሳረፍን መልሰን መታን፤ የድሮዎቹን የምስማር ቀዳዳዎች በሬንጅ ደፈንናቸው። እማማ ከታች ሆነው «ምስማሩን በጎድጓዳው አትምቱት፣ በጀርባው ምቱት፤ ውኃ በጎድጓዳው ነው የሚወርደው» እያሉ ያዙን ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ለካስ ባለቤታቸው ቆርቆሮ መቺ ነበሩ፤ ጣሪያውን ያበላሸው ከእርሳቸው ሞት በኋላ በክፍያ የመጣ ሰው ነው። ፎቶ አነሣን፤ የጣሪያውን። ስንጨርስ ግን እማማ ራሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔንስ አታነሡኝም?» አሉን። አነሣናቸው፤ ፎቶውን አትመን ሰጠናቸው፣ ለማንም አልላክነውም።

የተማሪዎቹ ነገር እንደዚህ አልቀናም። የኔታን አስፈቀድን፤ አሥራ አንድ ተማሪ ሰበሰቡልን። ከጤና ጣቢያ አንዲት ባለሙያ መጣች፤ ሁለት በርሜል ውኃ አፍልተን ልብስ መቀቀል ጀመርን። የተሳሳትነው በሰዓቱ ነው። ከቀትር በኋላ ጀምረን ነበርና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ፤ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ሁሉ እንደገና ራሰ። ተማሪዎቹ ሌላ ልብስ የላቸውም። ከየቤታችን ሰባት ጋቢ ተገኘ፤ ሦስቱ ለየብቻቸው፣ የቀሩት ስምንቱ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው፣ እሳት ከብበው፣ ቅባታቸውን እንደተቀቡ አደሩ። ሌሊቱን ቅኔ ሲነጋገሩ ይሰማ ነበር፤ የኔታ በማግሥቱ «ከመምህር ይልቅ ብርድ ያስተምራል» ብለው ቀለዱብን።

በዚህ አላበቃም። ለካስ ከሁለተኛው ጎጆ አሥራ ሁለተኛ ተማሪ ነበረ፤ ዘመድ ሊጠይቅ ደንቢያ ወርዶ በዚያ ቀን አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር በዚያው መደብ ተኛ። ነርሷ እንዳስጠነቀቁን ሁሉ፣ በሁለተኛ ሳምንቱ ሁለቱ ማከክ ጀመሩ። ሁለተኛውን ዙር ከመስጠታችን በፊት በዚህ ጊዜ የኔታን ስም ዝርዝር ጠየቅናቸው፤ የሄደውንም የቀረውንም ቆጠርን፤ ልብሱንም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን። እስካሁን የሚያክክ አላየንም፤ ይሁንና ገና ነው።

ስለ ውሻው ደግሞ በእድሩ ስብሰባ ላይ አንሥተን ነበር። ስድስት ቤት ተስማሙ፣ ሁለት ቤት «ሌባ ይገባብናል» አሉ። ከሁለቱ የአንዱ ውሻ ክፉ ነው፤ ለተማሪዎቹ በየትኛው መንገድ እንዳይሄዱ ነግረናቸዋል።

የቀድሞ ተማሪ፣ ዛሬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ስለ አሥራ ሁለተኛው ልጅ ሳነብ ሳቅ መጣብኝ፤ እኔም በጊዜዬ ሁልጊዜ የማልገኘው እኔ ነበርሁና። ያ ውሻ ከደብሩ ወደ ገበያ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ያለው ከሆነ፣ እናቱም እንደዚያው ነበረች። ባለቤቱን አውቀዋለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔው ሄጄ አናግረዋለሁ።

ነርሷ ከማራኪ

ሦስተኛውን ሳምንት ጠብቁ፤ ቆዳው ተባዩ ከሞተም በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሊያሳክክ ይችላልና ባከከ ቁጥር ቅባት አትደግሙ። አዲስ ሽፍታ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ከወጣ ግን ለባለሙያዋ አሳዩአት። ለክረምቱ ደግሞ ጋቢዎቹን መልሳችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት መቀቀላችሁን እንዳትረሱ።

የቁስቋም ጎረቤት

ጋቢዎቹን አልወሰድናቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሦስተኛውን ቤት እንጀምራለንና ረጅም መሰላል ያለው ሰው ካለ በእድሩ ጸሐፊ በኩል ቢያስታውቀን እናመሰግናለን፤ የእኛው ባለፈው ጊዜ ከሦስተኛው ደረጃ ላይ ተሰብሯል።